ሳይንቲስት ገበያ ሲማር

አንድ ተመራማሪ ላቦራቶሪው ውስጥ ደህና አድርጎ የሚሠራ የሕክምና መሣሪያ ይፈጥራል። የጥናት ጽሑፉ በታወቀ መጽሔት ላይ ይታተማል፣ ዩኒቨርሲቲውም ፓተንት ያወጣለታል። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀጥ ይላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም፤ ማን ሊገዛው እንደሚችል አስቀድሞ የጠየቀ ስለሌለ ነው። በአሜሪካ ዶክትሬታቸውን ከያዙ በኋላ እንደገና ደብተር ይዘው ስለ ገበያ የሚማሩ ሐኪሞችና መሐንዲሶች አሉ። የሚማሩት ምንድን ነው?

ሒሳብ አያያዝና ማስታወቂያ ብቻ ከመሰለን ተሳስተናል። ከታወቁት ፕሮግራሞች አንዱ የሆነውን ስታንፎርድ ባዮዲዛይንን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2001 የመሠረቱት የልብ ሐኪሙ ፖል ዮክና ጆሽ ማኮወር ናቸው። ሠልጣኞቹ ሐኪም፣ መሐንዲስና የንግድ ባለሙያ ተቀላቅለው በቡድን ይደራጃሉ። መጀመሪያ የሚጠበቅባቸው መፍጠር ሳይሆን ማየት ነው። ቀዶ ሕክምና ክፍል ጥግ ቆመው፣ ከነርሶች ኋላ ኋላ እየሄዱ፣ የሚያስቸግረውን ነገር ሁሉ ይመዘግባሉ። ከዚያ እያንዳንዱን ችግር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፉታል፤ ችግሩ ምንድን ነው፣ የማን ነው፣ ምን ቢሻሻል ተፈታ ይባላል? በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የመፍትሔው ስም መግባት የለበትም። ለመሐንዲስ ይህ ከባድ ጾም ነው።

ከዚህ ፕሮግራም የወጣውን ዚዮ የተባለ የልብ ምት መመዝገቢያ እንውሰድ። የልብ ምት መዛባት አንዳንዴ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ለረጅም ዘመን ምርመራው የሚካሄደው ሆልተር በተባለው መሣሪያ ነበር። (የሞንታናው ኖርማን ሆልተር የመጀመሪያውን ሲሠራ 38 ኪሎ ያህል የሚመዝን፣ በጀርባ የሚታዘል ጭነት ነበር።) እያነሰ መጥቶ ቀበቶ ላይ የሚንጠለጠል ቢሆንም ገመዶቹ አልቀሩም፤ አብዛኛውን ጊዜም ታማሚው የሚለብሰው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ነው። ልቡ በአሥር ቀን አንዴ የምትዘል ሰው ታዲያ ምርመራውን ጨርሶ "ምንም የለብህም" ተብሎ ይመለሳል።

ሐኪሙ ኡዴይ ኩማር በስታንፎርድ ይህን ችግር ይዞ በ2006 አይሪዝም የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። ዚዮ ደረት ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ነገር ነው፤ ገመድ የለውም፤ እስከ 14 ቀን ይቆያል። ታማሚው የተለየ ስሜት ሲሰማው መሐሉን ይጫናል፤ ሲጨርስ ነቅሎ በፖስታ ይልከዋል። ኩባንያው መረጃውን ተንትኖ ለሐኪሙ ሪፖርት ያቀርባል።

በእኔ እይታ ትልቁ ፈጠራ ኩባንያው ሪፖርት ያቀርባል የሚለው የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ጫማ የሚገዛ ሰው ራሱ መርጦ፣ ራሱ ከፍሎ፣ ራሱ ይጫማል። በሕክምና ግን የሚያዘው ሐኪሙ፣ የሚለብሰው ታማሚው፣ የሚከፍለው በአብዛኛው የጤና መድን ነው። አይሪዝም መሣሪያውን ለሐኪሙ አልሸጠም፤ ምርመራውን እንደ አገልግሎት ሰጥቶ ክፍያውን ከመድን ሰጪው ጠየቀ። ሐኪሙ ዕቃ ገዝቶ መጋዘን ማስገባት አላስፈለገውም።

ኤፍዲኤ የተባለው የአሜሪካ ተቆጣጣሪ በ2009 ለዚዮ ፈቃድ ሰጠ። ብዙ ተመራማሪ እዚህ ሲደርስ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ኤፍዲኤ የሚጠይቀው ግን መሣሪያው አይጎዳም ወይ፣ ይሠራል ወይ ብሎ ነው። የአረጋውያኑ የመንግሥት መድን ሜዲኬር ደግሞ ለታማሚው በእርግጥ ያስፈልገዋል ወይ ይላል። እሱም ይሁን ቢል እንኳ አገልግሎቱ የክፍያ ኮድ ማግኘት፣ ለኮዱም ዋጋ መቆረጥ አለበት። ለዚህ ዓይነቱ ረጅም ምርመራ ቋሚ ኮድ ሥራ ላይ የዋለው በ2021 ነው። በዚያው ዓመት ጥር ወር የሜዲኬርን ክፍያ የሚያስተናግደው ተቋራጭ የቆረጠው ዋጋ ከተጠበቀው እጅግ ያነሰ ሆነና የአይሪዝም አክሲዮን ክፉኛ ወደቀ። መሣሪያው ያው ነው፣ ልቡም ያው፤ የተለወጠው አንድ ቁጥር ነበር። አገር አቀፍ ዋጋ የተወሰነለት ከ2023 ጀምሮ ነው። ፈቃድ ካገኘ አሥራ አራት ዓመት ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ለማወቅ ሁለት ዓመት የሚፈጅና ኪስ የሚያራቁት ኤምቢኤ (የንግድ አስተዳደር ማስተርስ) ያስፈልጋል? ኩባንያ ለመምራት ለሚያስብ ሊጠቅመው ይችላል። አንድ ግኝት ብቻ ይዞ ለተቀመጠ ተመራማሪ ግን አጭሩን መንገድ እመርጥለታለሁ። የአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን በ2011 የጀመረው አይ-ኮር የተባለ ሥልጠና ለዚህ የሚሆን ነው። በሰባት ሳምንት ውስጥ ቡድኑ ቢያንስ 100 ሰው ማነጋገር አለበት፤ ሐኪም፣ ነርስ፣ የሆስፒታል ግዢ ኃላፊ፣ የመድን ባለሙያ። ሕጉ፣ ፈጠራህን አትሽጥላቸው፣ ሥራቸውን እንዴት እንደሚሠሩ ጠይቃቸው የሚል ነው። መጨረሻ ላይ ቡድኑ እንቀጥል ወይስ እንተው ብሎ ይወስናል። መተውም እንደ ውድቀት አይቆጠርበትም፤ ተመራማሪው ገዢ በሌለው ነገር ላይ ሊያጠፋቸው የነበሩ ዓመታት ተርፈውለት ወደ ላቦራቶሪው ይመለሳል።