የዥዋዥዌው ሕግ፦ የትምህርት ድጋፍ በስንት ዓመት ይጀመር?

ሕፃናት በዛፍ ላይ ገመድ አስረው ዥዋዥዌ ሲጫወቱ ያስተዋለ ሰው አንድ የፊዚክስ ሕግ ተመልክቷል። ገፊው ዥዋዥዌው ወደ እርሱ እየመጣ ሳለ ቢገፋ እንቅስቃሴውን ይገታዋል፤ ጫፍ ደርሶ መመለስ ሲጀምር ቢገፋ ግን በትንሽ ጉልበት ከፍ ያደርገዋል። ለልጆች የሚሰጥ የትምህርት ድጋፍም ጊዜውን የሚሻ ነው። ጊዜው መቼ እንደሆነ ከመካነ ሰላምና ከአካባቢው የደቡብ ወሎ ደጋ ልጆች ኑሮ ጋር አያይዘን እንመለከታለን።

ከሰባት ዓመት በፊት

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ክፍል መግቢያን ሰባት ዓመት አድርጎ ነበር የደነገገው። መዋዕለ ሕፃናት በአመዛኙ የከተማ ልጆች ዕድል ሲሆን፣ የገጠሩ ልጅ በዚያ ዕድሜ ግልገልና ጥጃ ይጠብቃል። ከ2002 ዓ.ም. የቅድመ መደበኛ ትምህርት ማዕቀፍ በኋላ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው «ዜሮ ክፍል» ለስድስት ዓመት ልጆች በር ከፈተ፤ የ2015 ዓ.ም. ፖሊሲም ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አደረገው።

በዚህ ዕድሜ የሚሰጠው ድጋፍ ምን ይምሰል? በአሜሪካ ሚሺጋን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በተካሄደው የፔሪ ጥናት፣ ከድሃ ቤተሰብ የተወለዱ 123 ሕፃናት ለሁለት ተከፍለው፣ ለአንደኛው ወገን ከሦስትና ከአራት ዓመታቸው ጀምሮ ድጋፍ ተሰጠ። በአእምሮ ፈተና የታየው ብልጫ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሰመ። ይሁን እንጂ ልጆቹ ሲያድጉ ትምህርታቸውን ያጠናቀቁት በዙ፤ በወንጀል የተያዙትም አነሱ። በሌላ በኩል የፊንላንድ ልጆች መደበኛ ትምህርት የሚጀምሩት በሰባት ዓመታቸው ነው፤ በንባብ ግን ወደ ኋላ አልቀሩም። ስለሆነም የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ የሚያስፈልገው ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ በጠጠር መቁጠርና ጨዋታ እንጂ የደብተር ሸክም አይደለም።

ከሰባት ዓመት በኋላ

ንባብ የሌሎች ትምህርቶች ሁሉ በር ነው። 33ቱን የፊደል ቤቶች ከነሰባት ድምፃቸው፣ በጠቅላላው 231 ፊደላትን፣ በአንደኛ ክፍል ማብቂያ መለየት ያልቻለ ልጅ ድጋፉ በዚያው ክረምት ሊደርሰው ይገባል። እስከ ስምንተኛ ክፍል ፈተና መጠበቅ ዥዋዥዌውን ከቆመ በኋላ እንደመግፋት ነው።

ጊዜው ላለፈባቸውስ?

በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም ግጭቱ በአማራ ክልል በርካታ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ያኔ ለአንደኛ ክፍል የደረሰው ልጅ በቁመቱ አድጓል፤ ፊደሉ ግን ባለበት ቆሟል። ለእነዚህ ልጆች ከሕንድ የምንወስደው ትምህርት አለ። ፕራታም የተሰኘው ድርጅት ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ያሉ ልጆችን በዕድሜ ሳይሆን በንባብ ደረጃቸው ከፋፍሎ በማስተማሩ የተገኘው ውጤት፣ በኋላ የኖቤል ተሸላሚ በሆኑ ተመራማሪዎች ጭምር ተረጋግጧል።

አሠራሩ ለወሎ ባዕድ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት አንዱ ፊደል ሲቆጥር ሌላው አቡጊዳ ይላል፤ ቀደም ያለው ተማሪ አዲሱን ያስቆጥራል። በቁርአን ቤትም እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ሉህ ይዞ በራሱ ፍጥነት ይጓዛል።

እንግዲህ ወላጆችና መምህራን ለልጁ አጭር አንቀጽ ሰጥተው ያስነብቡት። ካነበበ ወደፊት ይግፉት። ካላነበበ ግን ዕድሜው ሰባትም ይሁን አሥራ ሁለት፣ ትክክለኛው የድጋፍ መጀመሪያ ዛሬ ነው።