የቆዩ የቤተሰብ ቪዲዮዎችን ሳይበላሹ ወደ ኮምፒውተር እንዴት መገልበጥ ይቻላል?

ስልክ የቪዲዮ ካሜራን ቦታ ከመውሰዱ በፊት በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ሠርግ፣ ክርስትናና ምርቃት የሚቀረጸው በቪዲዮ ካሴት ነበር። ካሴቱ ተባዝቶ በውጭ አገር ለሚኖሩ ዘመዶችም ይላክ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ካሴቶች ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። በሕይወት የሌሉ አያቶች ድምፅ የሚገኘውም በእነዚሁ ካሴቶች ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ጊዜው ግን እያለቀ ነው። በካሴቱ ክር ላይ ምስልና ድምፅ የሚይዙት መግነጢሳዊ ቅንጣቶች በማጣበቂያ የተያዙ ናቸው፤ ሙቀትና እርጥበት ይህን ማጣበቂያ ያዳክማሉ። ማጫወቻውም ቢሆን ከገበያ እየጠፋ ነው። ቪኤችኤስ ማጫወቻ በማምረት የመጨረሻው እንደነበር የሚነገርለት የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ ምርቱን ያቆመው በ2016 (እአአ) ነው።

ካሴቱን የማዳን ሥራ ሦስት ደረጃዎች አሉት፦ መገልበጥ፣ ማጣራትና መጭመቅ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ የሚጠፋው የምስል ጥራት ተመልሶ አይገኝም።

ከመገልበጥ በፊት ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ካሴቱን ይመርምሩ። በክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ከታየ አያጫውቱት፤ ክሩ ሊበጠስ፣ ሻጋታውም ወደ ማጫወቻውና ወደ ሌሎች ካሴቶች ሊዛመት ይችላል። እንዲህ ያለውን ለባለሙያ መስጠት ይሻላል። በካሴቱ ጠርዝ ላይ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ካልተሰበረች ይስበሯት፤ በስህተት ሌላ ነገር እንዳይቀረጽበት ትከላከላለች።

ካሴቱ የተቀረጸበትን አገርም ይጠይቁ። ኢትዮጵያና ኬንያ ፓል የተባለውን የቴሌቪዥን ሥርዓት ሲጠቀሙ፣ አሜሪካ ኤንቲኤስሲ የተባለውን ትጠቀም ነበር። ስለዚህ ከአሜሪካ የመጣ ካሴት ሁለቱንም ሥርዓት የሚያውቅ ማጫወቻ ሊፈልግ ይችላል።

መጀመሪያ ሙሉውን መያዝ

ማጫወቻው በዩኤስቢ በሚሰካ መቅረጫ አማካይነት ከኮምፒውተር ጋር ይገናኛል። የአንድ ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ይፈጃል።

እዚህ ላይ ቦታ ለመቆጠብ መቸኮል አይገባም። ምንም ያልተጨመቀ የፓል ቪዲዮ በሰዓት 75 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ጥራት ሳይቀንሱ የሚጨምቁ ስልቶች አሉ፤ ኤፍኤፍቪ1 አንዱ ሲሆን መጠኑን በግማሽ ገደማ ሊቀንሰው ይችላል። ይህ የመጀመሪያው ቅጂ እንደ እናት ፋይል ይቆጠራል። ምንም ሳይነካ ተቀምጦ፣ የሚቀጥለው ሥራ በሙሉ በግልባጩ ላይ ይከናወናል።

ማጣራት፦ ምን ይነሣ፣ ምን ይቅር?

የድሮ ቪዲዮ እያንዳንዱን ምስል በሁለት ዙር ያቀርባል። በመጀመሪያው ዙር አንድ መስመር እየዘለለ፣ በሁለተኛው ደግሞ የተዘለሉትን እየሞላ ያሳያል። ይህ በኮምፒውተር ላይ ሲታይ በሚንቀሳቀሱ ነገሮች ጠርዝ እንደ ሚዶ ጥርስ ያሉ መስመሮችን ይፈጥራል። ስለዚህ ለዕይታ በሚዘጋጀው ቅጂ ላይ የመጀመሪያው የማጣራት ሥራ እነዚህን መስመሮች ማስተካከል ነው።

ቀጥሎ በምስሉ ግርጌ የሚታየው የተረበሸ ጠርዝ ይቆረጣል፤ በምስሉ ላይ የሚርመሰመሱት ነጠብጣቦችም ይቀነሳሉ። ይህ ለዓይን ብቻ አይደለም። ኮምፒውተሩ ነጠብጣቡን እንደ እውነተኛ ምስል ስለሚቆጥረው ፋይሉን በከንቱ ያሳድገዋል።

ነገር ግን ማጣሪያው ከበዛ የፊት ገጽታ እንደ ሰም ይለሰልሳል፤ የጥልፍ ልብስ ዝርዝርም ይጠፋል። አንድ ደቂቃ ያህል ቆርጦ መሞከርና ከእናት ፋይሉ ጋር ማነጻጸር ይረዳል።

መጭመቅ በመጨረሻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ

በስልክና በቴሌቪዥን ለመመልከት ኤች 264 የተባለው የመጭመቂያ ስልት ተስማሚ ነው። ሃንድብሬክ የተሰኘው ነፃ ሶፍትዌር ይህን ይሠራል። የጥራት መለኪያውን ከ18 እስከ 20 ማድረግ ለቤተሰብ ቪዲዮ ጥሩ መነሻ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል።

እንዲህ ያለው መጭመቅ ዓይን ብዙም የማያስተውለውን ዝርዝር ይጥላል። የተጨመቀውን መልሶ መጨመቅ ደግሞ ጥፋቱን ያደራርበዋል። እንደ ዋትስአፕ ባሉ መተግበሪያዎች እንደ ተራ ቪዲዮ የሚላክ ምስል በመንገዱ ላይ እንደገና ሊጨመቅ ይችላል። ስለዚህ ለዘመድ የተላከውን ቅጂ እንደ ዋና ማስቀመጫ መቁጠር አይገባም።

የት ይቀመጥ?

የመዛግብት ባለሙያዎች ሦስት ቅጂዎች፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ደግሞ በሌላ ቦታ እንዲቀመጥ ይመክራሉ። ቤተሰቡ በሁለት አገር የሚኖር ከሆነ ይህ ቀላል ነው፤ አንዱ ሃርድ ዲስክ አዲስ አበባ፣ ሌላው በውጭ ባለ ዘመድ ቤት ሊቀመጥ ይችላል።

በፋይሉ ስም ላይ የዝግጅቱን ዓይነት፣ ቦታውንና ዓመቱን ይጻፉ። ዓመቱ በኢትዮጵያ ይሁን በአውሮፓ አቆጣጠር መለየቱ የኋላ ግራ መጋባትን ያስቀራል። በምስሉ ላይ ያሉትን ሰዎች ማንነት የሚያውቁ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ጠይቆ መመዝገብም የሥራው አካል ነው፤ ስሙ የማይታወቅ ፊት፣ ምስሉ ቢተርፍም፣ ለሚቀጥለው ትውልድ እንግዳ ሆኖ ይቀራል።

ካሴቱንም አይጣሉት። ፋይሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ድምፁም ጭምር፣ በትክክል መገልበጡን ካረጋገጡ በኋላም ቢሆን ደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አቁመው ያስቀምጡት።