የሱቅዎ ዕቃ ማድረሻ ብስክሌት፦ ጽዳቱና ጥገናው በጥቂት ዶላር

የዚህ ዓምድ ወግ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ታክሲ ኢንሹራንስ፣ ስለ ሱቅ ኪራይና ስለ ኢሚግሬሽን ወረቀት ነው። ዛሬ ግን በሱቅዎ በራፍ ላይ ተደግፎ ስለሚውለው ብስክሌት እናወሳለን። ነገሩ ተራ ይመስላል። ይሁን እንጂ ምግብ ቤት ወይም ግሮሰሪ ያለው ሰው፣ በእራት ሰዓት ብስክሌቱ ቢቆም ስንት ትዕዛዝ እንደሚያመልጠው ያውቀዋል። ከዚህም በላይ ፍሬኑ የማይዝ ብስክሌት የሚጥለው ዕቃውን ብቻ አይደለም፤ የሚነዳውን ልጅ ጭምር ነው። ያ ልጅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የእህት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ ወይም የሥራ ፈቃዱን ገና በቅርቡ ያገኘ ያገር ልጅ ነው።

ብስክሌት ለጥገና ቤት ሲሰጡ አብዛኛው ክፍያ የሚሄደው ለዕቃው ሳይሆን ለእጅ ሥራው ነው። ያንን የእጅ ሥራ ደግሞ እርስዎ ራስዎ በወር አንድ እሑድ ከሰዓት ሊሠሩት ይችላሉ። ታክሲ የሚነዱ አንባቢዎቻችን ሥራው አዲስ አይሆንባቸውም፤ አሮጌ ጨርቅ፣ የጎማ አየር መለኪያና ጓንት ከመኪናቸው አይጠፋምና።

ለመጀመር የሚያስፈልገው እምብዛም አይደለም። ሁለት ባልዲ፣ ሁለት ስፖንጅ፣ የእቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽና የተቀደደ ካናቴራ ከቤት ይገኛሉ። የሚገዛው የካቴና ዘይት፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፎች (መካኒኮቻችን ብሩጎላ የሚሉት)፣ የጎማ መለጠፊያ፣ ሁለት ሦስት የፕላስቲክ ጎማ ማውጫና በእግር ተረግጦ የሚያዝ፣ መለኪያ ያለው ፓምፕ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ውዱ ፓምፑ ነው፤ እርሱም ከ30 እስከ 40 ዶላር በሚሆን ዋጋ ይገኛል። ሌላው በጠቅላላ ከዚያ ብዙ አይበልጥም። ቁልፍ ሲገዙ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ብስክሌት የሚፈታው በሚሊሜትር ቁልፍ ስለሆነ፣ በአሜሪካ የሃርድዌር መደብር በብዛት የሚታየው የኢንች ቁልፍ የብሎኑን ራስ ከመፋቅ በስተቀር አይጠቅምም። 4፣ 5 እና 6 ሚሊሜትር ካለዎት አብዛኛውን ሥራ ይጨርሳሉ። ለፔዳል ደግሞ ባለ 15 ሚሊሜትር ቁልፍ ይጨምሩ። የግራው ፔዳል ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው፤ ይህን ያላወቀ ሰው ሊፈታ ሲታገል ይብስ ያጠብቀዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ጠላት በካቴናው ላይ የሚጠራቀም ቆሻሻ ነው። አሸዋና አቧራ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ብረቱን ይበላዋል። ስለዚህ ጽዳቱን ሁልጊዜ ከካቴናው ይጀምሩ፤ ከእርሱ የሚረግፈው እድፍ በታጠበው ፍሬም ላይ እንዳይወርድ ነው። የእድፍ ማስለቀቂያ ከብስክሌት መደብር መግዛት ይቻላል፤ ከብርቱካን ልጣጭ ዘይት የሚሠራው ጥሩ ነው። እድፉ ቀላል ከሆነ ግን ሳሙናና ለብ ያለ ውኃ ይበቃል። ላምባም ያስለቅቃል፣ ሆኖም በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ከምድጃ ርቆ፣ አየር ባለበት ቦታ፣ በጓንት መሆን አለበት። ቤንዚን ግን ፈጽሞ አይሞክሩ። የቆሸሸውንም ላምባ ወደ ቤት ቧንቧ አይድፉት።

በጨርቅ የካቴናውን የታችኛውን ክፍል ይያዙና ፔዳሉን ወደ ኋላ ያሽከርክሩ። በመገጣጠሚያዎቹ መሐል ያለውን በጥርስ ብሩሽ ይፈግፍጉ። ሲደርቅ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ያድርጉ፣ ፔዳሉን ጥቂት ያሽከርክሩ፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ጠርገው ያንሱት። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን የመጨረሻውን ነው። ዘይቱ የሚሠራው ከውስጥ ነው፤ ከላይ የቀረው አቧራ ከመሳብ ሌላ ጥቅም የለውም።

ስለ ዘይቱ ዓይነት ጥቂት እንበል። ለብስክሌት የሚሸጡት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ለደረቅ አየር የሚሆን ስስ ነው፤ ሁለተኛው ወፈር ያለና ዝናብ የማያጥበው ነው። በዋሽንግተን ወይም በሚኒያፖሊስ ክረምት ለሚሠራ ብስክሌት ሁለተኛው ይሻላል። የሞተር ዘይት ስላለኝ ለምን እገዛለሁ የሚል ይኖራል። የሞተር ዘይት ለጊዜው ያለሰልሳል፣ ግን ቆሻሻ እንደ ማር ይይዛል። የምግብ ዘይት ደግሞ እየቆየ እንደ ሙጫ ይሆናል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ሰማያዊና ቢጫ ቆርቆሮ ያለው ደብልዩ ዲ 40 ነው። ይህ ፈሳሽ በ1953 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በሳንዲያጎ ካሊፎርኒያ የተሠራው ውኃን ከብረት ላይ ለማባረር ነበር፤ የስሙ ሁለት ፊደላትም ይህንኑ ያመለክታሉ። ለማጽዳትና የዛገ ብሎን ለማላቀቅ ግሩም ነው። ነገር ግን ቶሎ ስለሚጠፋ ካቴናውን ረግጦ በእርሱ ብቻ የሚተው ሰው ከጥቂት ቀን በኋላ የሚጮህ ካቴና ያገኛል። ኩባንያው ለብስክሌት ካቴና የሚሆኑ ሌሎች ዘይቶችም ስላሉት፣ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን አንብበው ይግዙ።

ካቴናው ማለቁን ለማወቅ 12 ኢንች ያለው ተራ ማስመሪያ ይበቃል። ዜሮውን በአንዱ ፒን መሐል ላይ ያድርጉ። አዲስ ካቴና ከሆነ የ12 ኢንቹ ምልክት በሌላ ፒን መሐል ላይ ልክ ይውላል። ፒኑ ምልክቱን በአንድ አሥራ ስድስተኛ ኢንች (1/16) አልፎ ከሄደ ካቴናውን ይለውጡ። በአንድ ስምንተኛ (1/8) ካለፈ ግን ዘግይተዋል፤ የተለጠጠው ካቴና የኋላውን ጥርሶችም በልቷቸው ሊሆን ስለሚችል አዲሱ ካቴና በአሮጌው ጥርስ ላይ እየዘለለ ያስቸግራል። ጥርሶቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከካቴናው ይወደዳሉ።

አሁን ወደ እጥበቱ እንሂድ። በአንደኛው ባልዲ ለፍሬሙ፣ በሁለተኛው ለካቴናና ለማርሹ ይጠቀሙ፤ የዘይቱ ስፖንጅ ወደ ፍሬኑ እንዳይሄድ ነው። ከላይ ወደ ታች ይጠቡ፣ በቀስታ ውኃ ያፍሱበትና ወዲያው በጨርቅ ያድርቁት። ታክሲያቸውን የሚያሳጥቡ አንባቢዎቻችን ብስክሌቱንም በዚያው በሚረጨው ውኃ ላጥበው ቢሉ አይገርምም። አያድርጉት። የዚያ ውኃ ኃይል ወደ ቸርኬው መሐልና ወደ ፔዳሉ ኩሽኔታ ገብቶ ግራሶውን ያጥበዋል፣ ከወራት በኋላም ዝገት ይዞ ይወጣል። በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ሌላው መከራ ነው፤ በበረዶ ቀን የዋለ ብስክሌት በዚያው ማታ በለብታ ውኃ ታጥቦ ካልደረቀ፣ ብሎኖቹ በአንድ ክረምት ይዝጋሉ። የኮርቻው ምሰሶ ብረት ወይም አሉሚኒየም ከሆነ በዓመት አንድ ጊዜ አውጥቶ ግራሶ መቀባት ከተጣበቀ በኋላ ከመታገል ያድናል። ለመኪና ኩሽኔታ የሚሆነው ግራሶ እዚህም ይሠራል።

ጎማው ላይ የሚፈቀደው የአየር መጠን በጎኑ ተጽፎ ይገኛል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይለኩት። አንዳንዱ ቫልቮላ ከመኪናዎ ጋር አንድ ነው፤ ሌላው ቀጭን ሆኖ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ዳዶ ሳይፈቱ አየር አይቀበልም። በነዳጅ ማደያ ፓምፕ መሙላት ይቻላል፣ ግን የብስክሌት ከመነዳሪ ትንሽ ስለሆነ በሰከንዶች ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል።

ጎማው ሲተነፍስ ከመነዳሪውን አውጥተው፣ ጥቂት ነፍተው፣ ውኃ ውስጥ ይንከሩት። አረፋው የሚወጣው ከአንድ ቀዳዳ ከሆነ ጠርሙስ ወይም ሽቦ ወግቶታል፤ ስለዚህ የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዳሰው ስባሪውን ሳያወጡ መልሰው አይግጠሙ፣ አለዚያ ነገም ይተነፍሳል። ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ከታዩ ግን ጥፋቱ የጠርሙስ አይደለም። አየሩ አንሶ ጎማው ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ቸርኬው ቆንጥጦታል ማለት ነው። ከመነዳሪውን በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ፣ ማስቲሹን ስስ አድርገው ይቀቡ፣ እስኪደርቅ አምስት ደቂቃ ያህል ይታገሡ፣ ከዚያ ቁራጩን ጠበቅ አድርገው ይጫኑ። አገር ቤት ጎሚስታ ዘንድ ቆሞ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ችኩል ሰው ግን ማስቲሹ ሳይደርቅ ይለጥፍና የመለጠፊያውን ጥራት ያማል።

ፍሬኑ ላይ ገንዘብ አይቆጥቡ። መያዣው ሲጨበጥ እስከ መሪው ድረስ ከመጣ ሽቦው ላልቷል፤ ሽቦው የሚገባበትን ትንሿን ክብ ብሎን ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ ጥቂት ቢያዞሯት ይጠብቃል። ቸርኬውን የሚይዝ የላስቲክ ፍሬን ከሆነ፣ ላስቲኩ ላይ ያሉት ቦዮች ሲጠፉ ይለወጣል፤ ላስቲኩም ጎማውን እንዳይነካ ያረጋግጡ፣ ጎማውን በልቶ ያፈነዳዋልና። ቸርኬውን በአልኮል ጨርቅ መጥረግ ጩኸቱንም ያስታግሣል። የዲስክ ፍሬን ከሆነ ዋናው ጥንቃቄ ዘይት ነው። የሚረጭ ማንኛውም ዘይት በዲስኩ አጠገብ አይረጭ። የፍሬኑ ሸራ ዘይት ከጠጣ ብዙውን ጊዜ ከመለወጥ ሌላ መድኃኒት የለውም። ሃይድሮሊክ ፍሬን ያለው ደግሞ ለባለሙያ ቢሰጥ ይሻላል።

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ያላችሁ ይህን በጥብቅ ያንብቡ። ከመታጠቡ በፊት ባትሪው ይውጣ። ባትሪው ከራሱ ቻርጀር በቀር በሌላ አይሞላ፣ ሰው በተኛበት አይሞላ፣ በተለይም በመውጫ በር አጠገብ አይቀመጥ፤ ከተቃጠለ መውጫ ያሳጣልና። በኒውዮርክ ከተማ በ2023 ብቻ በሊቲየም ባትሪ ቃጠሎ 18 ሰዎች ሞተዋል። በዚያው ዓመት ከመስከረም ጀምሮ በከተማው የሚሸጥ የኤሌክትሪክ ብስክሌት የዩ.ኤል. 2849 ደረጃን፣ ባትሪው ደግሞ ዩ.ኤል. 2271ን ያሟላ እንዲሆን ሕግ ወጥቷል። ሱቃቸው ከታች፣ ልጆቻቸው ከላይ የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙ ስለሆኑ፣ ርካሽ ያገለገለ ባትሪ ከመንገድ ላይ ከመግዛት በፊት ይህን ምልክት ይፈልጉ። ያረጀ ባትሪም በተራ ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም።

ኒውዮርክ ያላችሁ የንግድ ቤት ባለቤቶች አንድ ተጨማሪ ነገር አለባችሁ። ለዕቃ ማድረሻ የሚውል ብስክሌት የሚሠራ ፍሬን፣ ደወል፣ ከፊት ነጭ ከኋላ ቀይ መብራት እንዲኖረው፣ ነጂውም የራስ ቁር እንዲኖረው ማድረግ የአሠሪው ግዴታ ነው። መብራቱን በየወሩ የጽዳት ቀን አብረው ይፈትሹት። ነጂው በማንኛውም ምክንያት የፍርድ ቤት መጥሪያ ከተሰጠው ቀኑን ችላ እንዳይል ይንገሩት። በተለይ የኢሚግሬሽን ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው ከቀጠሮው በፊት ጠበቃ ቢያማክር ይሻለዋል።

ስለ ግብሩም እናንሳ። ሱቅዎ በስምዎ የሚሠራ ከሆነና ገቢዎን በስኬጁል ሲ የሚያሳውቁ ከሆነ፣ ለንግዱ ለሚውል ብስክሌት የወጣው የዘይት፣ የከመነዳሪና የመሣሪያ ወጪ እንደ ሌላው የንግድ ወጪ ይቀነሳል። ታክሲ ነጂዎች የለመዱት በማይል የሚቆጠረው ተመን ግን የመኪና ነው፤ ለብስክሌት አይሠራም፣ ስለዚህ የሚቆጠረው በደረሰኝ የተረጋገጠ ትክክለኛ ወጪ ብቻ ነው። ብስክሌቱን ልጅዎ ቅዳሜና እሑድ ለመዝናኛ የሚነዳው ከሆነ ለንግድ የዋለው ድርሻ ብቻ ይቀነሳል። የሃርድዌር መደብር ደረሰኝ በወራት ውስጥ ቀለሙ ስለሚጠፋ፣ በገዙበት ዕለት ፎቶ አንሥተው፣ ለምን እንደተገዛ ጽፈውበት ከሂሳብ መዝገብዎ ጋር ያስቀምጡት።