ሳይቃኙ ተራራ አይወጡም

በጣና ዳር የሚኖር ባለ ታንኳ ወደ ውኃው ከመግባቱ በፊት ምን ያደርጋል? ቆም ብሎ ነፋሱን ያያል። ሞገዱን ይመለከታል። ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ እንደሆነ ታንኳውን ይዳስሳል። ከማዶ የመጣ ሰው ካገኘም «ውኃው እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ገና አንድ ጊዜ እንኳ አልቀዘፈም። ሥራውን ግን ጀምሯል።

ይህ ሥራ ቅኝት ይባላል። ቅኝት ማለት ዋናው ጉዞ ሳይጀመር መንገዱን ቀድሞ ማየት፣ መጠየቅና መመርመር ነው። ባለ ታንኳው ሐይቁን እንደሚቃኝ ሁሉ፣ ተራራ የሚወጣ ሰውም ተራራውን ይቃኛል። ሳይቃኝ የሄደ ወይ መንገድ ይጠፋበታል፣ ወይ ስንቅ ያልቅበታል። ከባሰም ሕይወቱን ያጣል።

ዛሬ የምንጽፈው ስለዚሁ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ወደ ሩቅ አገር፣ ወደ ሂማላያ እንሂድ። ከዚያ ወደ ራሳችን ተራራ፣ ወደ ራስ ደጀን እንመለሳለን። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሂማላያ ቃኚዎች

ሂማላያ በእስያ የሚገኝ እጅግ ረጅም የተራራ ሰንሰለት ነው። በዓለም ላይ ከሁሉ የሚበልጠው የኤቨረስት ተራራ ያለው እዚያ ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 8,849 ሜትር ነው።

በ1921 አንድ የእንግሊዞች ቡድን ወደ ኤቨረስት ሄደ። የሄደው ግን ጫፉን ለመውጣት ብሎ አልነበረም። ዋና ሥራው መቃኘት ነበር። ተራራው በየት በኩል ይወጣል? በረዶው የት ይሰነጠቃል? ነፋሱ መቼ ይበረታል? ይህን ለማወቅ ወራት ፈጀባቸው። ከፍታ በሰው አካል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ያጠና የነበረው ኬላስ የተባለው ሳይንቲስት በመንገድ ላይ ታምሞ ሞተ። የቀሩት በሰሜን በኩል መውጫ መንገድ አግኝተው ተመለሱ።

በ1922 ሌላ ቡድን ጫፉን ሊወጣ ሄደ። ብዙ አዲስ በረዶ ከጣለ በኋላ እንደገና እንሞክር ተብሎ ጉዞ ተጀመረ። በረዶው ከላይ ተንዶ መጣ። ሰባት ጓዝ ተሸካሚዎች ሞቱ። ሰባቱም የዚያው አካባቢ ሰዎች ነበሩ። ከእንግሊዞቹ የሞተ የለም። ይህን ነገር ልብ እንበለው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1951 ኤሪክ ሺፕተን የሚመራው ቡድን በኔፓል በኩል፣ ማለትም በደቡብ፣ ሌላ ቅኝት አደረገ። ከቡድኑ ጋር ኤድመንድ ሂላሪ ነበረ። ፑሞሪ ወደሚባል ጎረቤት ተራራ ጥቂት ወጥተው ማዶውን ተመለከቱ። ከታች ሆነው ሲያዩት የተሰወረባቸው መንገድ ከዚያ ታያቸው። በ1953 ኤድመንድ ሂላሪና ተንዚንግ ኖርጌ የኤቨረስትን ጫፍ ረገጡ። የወጡት በ1951 በተቃኘው በኩል ነው።

ከመጀመሪያው ቅኝት እስከ ጫፉ ድረስ 32 ዓመት አለፈ ማለት ነው። በመካከሉ ብዙዎች ሞክረው ተመልሰዋል። እያንዳንዱ ግን ለሚቀጥለው ሰው አንድ ነገር ጽፎ አስቀምጧል።

ደሴት የተባለው ተራራ

የጣና ሰው ደሴትን ያውቃል። ደቅን፣ ዳጋን፣ ክብራንን ያውቃል። በሂማላያም «የደሴት ጫፍ» የተባለ ተራራ አለ። ስሙን ያወጡለት የሺፕተን ጓደኞች ናቸው። ዙሪያውን በግግር በረዶ ተከቦ ብቻውን ሲያዩት በባሕር መካከል ያለ ደሴት መሰላቸው። የአገሩ ስም ኢምጃ ሴ ነው። ከፍታው ከ6,000 ሜትር በላይ ነው።

በ1953 ኤቨረስትን ሊወጡ የመጡት ሰዎች አስቀድመው በትናንሽ ተራሮች ላይ ተለማመዱ። የደሴት ጫፍ ያን ጊዜ ተወጣ። ተንዚንግ ኖርጌም ከወጡት አንዱ ነበረ። ትልቁን ለመውጣት በትንሹ መለማመድ አንዱ የቅኝት ዘዴ ነው።

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኔፓል 18 እንዲህ ያሉ ተራሮችን በቀላል ፈቃድ ለመንገደኞች ከፈተች። «የእግረኛ ተራሮች» ይባላሉ። ስሙ ግን እንዳያታልለን! የደሴት ጫፍ መጨረሻው ላይ ቀጥ ያለ የበረዶ ግድግዳ አለ። ሰው ከጫማው ሥር የብረት ጥርስ አስሮ፣ በገመድ ተይዞ ነው የሚወጣው። በረዶውም በየጊዜው ይቀልጣል፣ ይሰነጠቃል። አምና የነበረ መንገድ ዘንድሮ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ በየወቅቱ ሸርፓ የሚባሉት የአገሩ ሰዎች ቀድመው ወጥተው መንገዱን ይቃኛሉ። በስንጥቁ ላይ መሰላል ይዘረጋሉ፤ ገመድም ይተክላሉ። ሌላው ሰው ከኋላ ይከተላል።

የእኛው ራስ ደጀን

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ ከሁሉ ከፍ ያለው ተራራ ራስ ደጀን ነው። የሚገኘው በሰሜን ጎንደር፣ በሰሜን ተራሮች ነው። የውጭ አገር ሰዎች ስሙን አበላሽተው «ራስ ዳሸን» ብለው ጻፉት። በብዙ ካርታም እንዲሁ ቀረ።

በ1830ዎቹ ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ በሰሜን ተራሮች አልፏል። ዋልያንና ጭላዳን ለአውሮፓ ሊቃውንት ያስተዋወቀው በ1835 እሱ ነው። በ1841 ደግሞ ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች ራስ ደጀንን ወጡ። በጽሑፍ የታወቀው የመጀመሪያው የአውሮፓውያን አወጣጥ ይህ ነው።

ታዲያ ከእነሱ በፊት ማንም አልወጣም ማለት ነው? ይህን ማን ሊል ይችላል? ከጫፉ ብዙም ሳይርቅ ከብት የሚጠብቁ እረኞች አሉ። ወደ 4,300 ሜትር ላይ የድሮ ምሽግ ፍርስራሽ ይታያል። ምሽጉን የሠራ ሰው ወጥቶ ነው የሠራው። ልዩነቱ አንዱ ጻፈው፣ ሌላው ሳይጽፈው መቅረቱ ነው።

ልኬቱም ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። በትምህርት ቤት መጻሕፍት ለብዙ ዘመን የራስ ደጀን ከፍታ 4,620 ሜትር ነው ሲባል ኖሯል። በኋላ የተደረገው ልኬት ወደ 4,550 ሜትር አወረደው። ተራራው አላጠረም፤ መለኪያው ነው የተሻሻለው።

በ1969 በዚያ አካባቢ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ። በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። በ1996 ዋልያውና ቀይ ቀበሮው ስለተመናመኑ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ ነበር። በ2017 ከዝርዝሩ ወጣ።

ከባሕር ዳር እስከ ጫፉ

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ናት። ከዚህ ተነስቶ ራስ ደጀንን ለመውጣት የሚያስብ ሰው መንገዱን በካርታ ላይ ይቃኝ። ከፍታዎቹ በግምት እነዚህ ናቸው፤

ጎንደር፦ 2,100 ሜትር
ደባርቅ፦ 2,850 ሜትር
ሳንቃ በር፦ 3,250 ሜትር
ግጭ፦ 3,600 ሜትር
ጨነቅ፦ 3,620 ሜትር
የቧሂት መተላለፊያ፦ 4,200 ሜትር
አምቢቋ፦ 3,200 ሜትር
ራስ ደጀን፦ 4,550 ሜትር

ዝርዝሩን ደግማችሁ አንብቡት። አንድ እንግዳ ነገር ታገኛላችሁ። መንገዱ ከቧሂት መተላለፊያ በኋላ ወደ ታች ይወርዳል! ከቧሂት ላይ ሆኖ ማዶውን ለሚያይ ራስ ደጀን ቅርብ ይመስላል። ነገር ግን በመካከሉ የመሸሐ ወንዝ ሸለቆ አለ። መንገደኛው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወንዙን ይሻገራል። ከዚያ እንደገና ዳገት ይጀምራል። ይህን ሳያውቅ የአንድ ቀን ስንቅ ይዞ የሄደ ሰው ምን ይሆናል?

ብርዱም መታሰብ አለበት። ሰው 1,000 ሜትር በወጣ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ራስ ደጀን ከባሕር ዳር ይልቅ ወደ 18 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ባሕር ዳር ላይ በነጠላ የሚያድር ሰው እዚያ ጋቢ ደርቦ ብርድ ልብስ ይጨምራል። ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ አንዳንዴም አመዳይ ይወርዳል። ምግብም ቶሎ አይበስልም። ባሕር ዳር ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ከፍታው ላይ ግን በ85 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውኃው እየተንፈቀፈቀ ባቄላው ጥሬ ነው። ስለዚህ ማገዶና ጊዜ ይጨምራል።

አየሩ ሲሳሳ

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ብርዱ አይደለም። አየሩ ነው። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ባሕር ዳር ላይ አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ 10 እጅ አየር ያገኛል እንበል። ራስ ደጀን ላይ የሚያገኘው 7 እጅ ያህል ነው። በደሴት ጫፍ 6 እጅ አይሞላም። በኤቨረስት ጫፍ 4 እጅ ገደማ ነው።

የሰው አካል ይህን መልመድ ይችላል። ግን ጊዜ ይፈልጋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለ? 3,000 ሜትር ካለፉ በኋላ ደንቡ እንዲህ ነው። የዛሬው ማደሪያ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል። በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ አንድ ቀን ይታረፍ። ቀን ከፍ ብሎ ውሎ፣ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር ይረዳል።

የከፍታ ሕመም ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላት፣ እንቅልፍ ማጣት። እነዚህ ሲታዩ ወደ ላይ መቀጠል አይገባም። ሰውየው እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ግራ ከገባው፣ ወይም ቁጭ ብሎ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው ግን ነገሩ ከባድ ነው። ማታም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን፣ ወዲያው ወደ ታች መውረድ አለበት። ብቻውን አይላክም። «ትንሽ ይተኛና ይሻለዋል» ማለት ሰው ገድሏል። ጉልበታምነትም አያድንም። ወጣትና ጠንካራ ሰውም ከሮጠ ቶሎ ሊታመም ይችላል።

መንገዱን የሚያውቀው ማነው?

ካርታ ጥሩ ነው። ካርታ ግን ምንጩ ዘንድሮ መድረቁን አይናገርም። ይህን የሚያውቀው እዚያው የሚኖረው ሰው ነው። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ከመንገደኛ ጋር የሚሄድ ጠባቂ «ስካውት» ይባላል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ቃኚ ማለት ነው። ከእሱም ሌላ ባለ በቅሎ አለ፣ እረኛ አለ፣ ገብስ የሚያጭድ ገበሬ አለ። ቃኚ የሆነ ሰው ትሕትና ያስፈልገዋል። ሰላምታ ሰጥቶ እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፤

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ? ከዚህ በላይ ውኃ ይገኛል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ከጅባራው በታች ምንጭ አለች። በበጋ ግን አትታመንም፤ ከዚህ ቀድተህ ሂድ።»

ይህች አንዲት መልስ የአንድ ቀን ጥም ታድናለች።

አሁን ስለ ሰባቱ ሰዎች እናስታውስ። የሞቱት ጓዝ ተሸካሚዎች ነበሩ። ይህ ለእኛም ትምህርት ነው። ቃኚ የራሱን ብርድ ልብስ ብቻ መቁጠር የለበትም። በቅሎ የሚነዳው ሰው ማታ ምን ይለብሳል? ጫማው ደህና ነው? ራሱን ሲያመው ማን ይጠይቀዋል? ደጋ የለመደ ሰውም ይበርደዋል፣ ይታመማል። የጓዝ ተሸካሚውን ብርድ ልብስ ያልቆጠረ ቅኝት ጎደሎ ነው።

ቃኚ ምን ጽፎ ይመለሳል?

ቅኝት በቃል ብቻ ከቀረ ይረሳል። ስለዚህ ደብተርና እርሳስ ያስፈልጋል። የሚጻፉት ነገሮች እነዚህ ናቸው፤

1. በየማደሪያው መካከል ስንት ሰዓት ያስኬዳል?
2. ውኃ የት አለ? በየትኛው ወር ይደርቃል?
3. ዝናቡ መቼ ይገባል? መቼስ ያባራል?
4. መንገዱ ሰላም ነው?
5. የታመመ ሰው በየት በኩል ቶሎ ይወርዳል? ቅርቡ ጤና ጣቢያ የት ነው?
6. እስከ ስንት ሰዓት ጫፉ ካልተደረሰ ይመለሳል?

ስድስተኛው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። ግን ከሁሉ ይበልጣል። የመመለሻው ሰዓት መወሰን ያለበት ከታች፣ አእምሮ ረጋ ባለበት ቦታ ነው። ጫፉ ሲቀርብ ሰው ይጓጓል። አየሩ ሲሳሳ ደግሞ ማሰብ ያቅተዋል። ያን ጊዜ ከታች የተጻፈው ቁጥር ይመክረዋል። ቃኚው «ዛሬ አይሆንም» ብሎ ከተመለሰ አላፈረም። ተራራው ነገም እዚያው ነው።

የቃላት ፍቺ

ቅኝት፦ ቀድሞ ማየትና መመርመር
ግግር በረዶ፦ ለብዙ ዘመን ሳይቀልጥ የተከመረ በረዶ
መተላለፊያ፦ በሁለት ተራሮች መካከል ያለ መሻገሪያ
አመዳይ፦ እንደ ጥጥ ብናኝ ነጭ ሆኖ የሚወርድ በረዶ

ጥያቄዎች

1. ራስ ደጀን ከባሕር ዳር በስንት ሜትር ይበልጣል? ቀንሳችሁ አግኙ።
2. በኤቨረስት በ1922 የሞቱት እነማን ነበሩ?
3. ከፍ ካለ ቦታ ላይ አንድ ሰው ቢንገዳገድና ግራ ቢገባው ምን ታደርጋላችሁ?
4. በአካባቢያችሁ ያለውን ኮረብታ ለመውጣት ብታስቡ መጀመሪያ ማንን ትጠይቃላችሁ? ሦስት ጥያቄ ጻፉ።