ያውቁ ኖሯል? ዓይን ሲርገበገብ

ዓይኑ ሲርገበገብ ገድ የሚቆጥር አይጠፋም፤ ሐኪም ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እንቅልፍና ስለ ቡና ነው። ጭንቀት፣ የዓይን ድርቀትና ስልክ ላይ ማፍጠጥም የዓይን ቆብን ጡንቻ ይቀሰቅሱታል። ብዙውን ጊዜ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ ይተዋል። በጊዜ መተኛት፣ ቡናን በአቦል ማብቃት (ለሚችል!)፣ በሞቀ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ዓይን ላይ ማሳረፍ ይረዳል።

ዓይን በግድ እየተከደነ ካስቸገረ ወይም ጉንጭና አፍ አብረው ከተሳቡ ግን ሐኪም ይየው። ለእንዲህ ያለው ብርቱ መኮማተር ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ የቦቶክስ መርፌ ነው። ዛሬ ስሙ የሚነሳው ከፊት መጨማደድ ጋር ቢሆንም፣ አሜሪካ በ1989 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የፈቀደችው ለዓይን ጡንቻ ሕመሞች ነበር። ኃይሉ ሦስት ወር ገደማ ስለሚቆይ መርፌው ይደጋገማል።