መሰንቆ ስንሰማ የምንሰማው ምንድን ነው?

ከሠርግ ቤት ወይም ከጠጅ ቤት መሰንቆ ሰምተው ሲመለሱ በማግስቱ ከቢሮ ባልደረባዎ ጋር የሚጨዋወቱት ስለ ምንድን ነው? አዝማሪው ስለ እገሌ ስለ ተናገረው ግጥም ነው፤ ሰሙ እንዲህ ነበር፣ ወርቁ ግን እንዲያ ነው እየተባለ ነው። ይህን ለነቀፋ አላነሣሁትም። ቅኔ የምንወድ ሕዝብ ነንና ለቃል ማድላታችን አያስወቅሰንም። ነገር ግን አዝማሪው በዚያ ሌሊት የሠራው ሥራ ሁለት ነው፤ አንዱ የአፉ፣ ሁለተኛው የእጁ። ስለ አፉ ይህን ያህል ስናወራ ለእጁ ማን መሰከረለት?

መሰንቆ ሲያዩት ድኻ መሣሪያ ነው። በአንድ ማዕዘኑ የቆመ የእንጨት ሣጥን፣ በላዩ የተወጠረ ቁርበት፣ አንድ ዘንግ፣ አንድ መቃኛ፣ ከብዙ የፈረስ ጭራ የተጠቃለለ አንድ አውታር፣ እንዲሁም በዚያው በፈረስ ጭራ የተወጠረ ደጋን፤ ሀብቱ ይኸው ነው። ጊታር ስድስት አውታር አለው፤ በአንገቱም ላይ ጣት የት ማረፍ እንዳለበት የሚያመለክቱ ቀጫጭን ብረቶች ተተክለውለታል። መሰንቆ ይህ ሁሉ የለውም። መቺው አውታሩን በዘንጉ ላይ አይጫነውም፤ በአየር ላይ እንደ ተወጠረ ጣቱን ያስነካዋል እንጂ። የድምፁ ስፍራ በመሣሪያው ላይ ሳይሆን በመቺው ጆሮ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ጣቱ የገብስ ፍሬ ያህል ቢስት ዜማው ይበላሻል። ነገር ግን ይኸው ችግሩ ጸጋው ሆኖለታል። የሚያግደው ነገር ስለሌለ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሰው ሲያንጎራጉር እንደሚያደርገው እየተንሸራተተ ይሻገራል፤ አንዱን ድምፅ ይዞም ያንቀጠቅጠዋል፣ ያስለቅሰዋል። መሰንቆ ቃል የሚናገር የሚመስለን ስለዚህ ነው።

የክራር እጅ ደግሞ ሌላ ነው። አምስት ወይም ስድስት አውታር ያለው ሲሆን፣ እያንዳንዱ አውታር የሚሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ስለ ሆነ ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬ ለመሻገር መቺው ቅኝቱን መለወጥ አለበት። በጣት እየነጠሉ የሚመቱት አሉ። ሌሎች ደግሞ በቀኝ እጃቸው አውታሩን ሁሉ በአንድነት ይገርፉታል፤ በዚያን ጊዜ ግራ እጅ ከኋላ ሆኖ የማይፈለገውን አውታር አፍኖ የሚፈለገውን ብቻ ይለቃል። ተመልካች የሚያየው ቀኙን ነው፤ ዜማውን የሚመርጠው ግን ግራው ነው። በ2004 ዓ.ም. መስከረም ወር ያረፈችውን የአስናቀች ወርቁን፣ ወይም የካሣ ተሰማን ክራር በሬድዮ ሲሰሙ ለአንድ ጊዜ ያህል ግጥሙን ትተው ይህን ግራ እጅ ይከተሉት።

በሌላው ዓለም ይህንኑ እጅ ብቻ ለመስማት የሚቀመጡ ሰዎች አሉ። ጥቁር አሜሪካውያን ከፈጠሩት ብሉዝ ከሚባለው ዘፈን ሊቃውንት አንዱ ቢ. ቢ. ኪንግ (ከ1925 እስከ 2015 እ.ኤ.አ.) ጊታሩን ሉሲል ብሎ በሴት ስም ይጠራት ነበር። እሱ ሲዘፍን ጊታሩ ዝም ይላል፤ እሱ ዝም ሲል ጊታሩ ይመልሳል። ካንትሪ በሚባለው የገጠር ዘፈን ደግሞ ቼት አትኪንስ (ከ1924 እስከ 2001 እ.ኤ.አ.) ከእሱ በፊት መርል ትራቪስ የገነነበትን አመታት አስፋፍቶ፣ በአውራ ጣቱ ወፍራሙን ድምፅ ሳያቋርጥ እየመታ በቀሩት ጣቶቹ ዜማውን ያወጣው ስለ ነበር፣ ሳያዩት የሚሰሙት ሰዎች መቺዎቹ ሁለት ይመስሏቸዋል። የእነዚህ ሰዎች ወዳጆች ከሸክላው ጥቂት ድምፅ ብቻ ሰምተው መቺው እገሌ ነው ብለው ይለያሉ። የዘፈኑን ቃል አላስታውስም ቢሉ አያፍሩም፤ እጁን ባይለዩ ግን ያፍራሉ።

ይህ ጆሮ ለእኛ አገር እንግዳ ነው ወይ? ከቶ አይደለም። ጉና ተራራ ሥር ያለችውን ደብረ ታቦርንና አካባቢዋን ያስቧል። ድጓ የተማረ ሰው የሚመሰከርለት በዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት ቤተ ልሔም ነው፤ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረም ወደ ዙር አባ ይሄዳል። በዚያ መምህሩ አንዲት የተዛባች ዜማ አያሳልፍም። እንዲህ ያለ ጆሮ በበቀለበት አገር የመሰንቆው እጅ ሳይለይ መቅረቱ ያስደንቀኛል። ምናልባት ነገሩ የጆሮ ሳይሆን የስም ይሆናል። አዝማሪ የሚለው ቃል የወጣው ዘመረ ከሚለው ግእዝ ነው፤ መዝሙርም ከዚያው ይወለዳል። እኛ ግን አንዱን ስናከብር ሁለተኛውን ለስድብ አዋልነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በደብረ ታቦር በአንድ ሠርግ ላይ ተገኝቼ ነበር። እንግዳው ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ «ተቀበል» እያልን ለአዝማሪው ግጥም እንሰጣለን፤ የተሞገሰውም እየተነሣ በግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል። ከዳሱ በር አጠገብ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡና «ልጄ፣ አፍህን አሳርፈውና እስቲ እጅህን አሰማኝ» አሉት። አዝማሪው እንደ መደንገጥ አለ። ቀጥሎም ቃል ሳያወጣ ትዝታን ይመታ ጀመር። እንግዳው ግጥም የለም ብሎ ወሬውን ቀጠለ። ሽማግሌው ግን ዐይናቸውን ጨፍነው ደጋኑ በተመለሰ ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ሲያበቃ ሽልማታቸውን በግንባሩ አልለጠፉም፤ ግራ እጁን ያዙና በመዳፉ ውስጥ አኖሩለት። እኔ ግን በዚያች ሰዓት የሚቀጥለውን ግጥሜን እያሰናዳሁ ስለ ነበር ግማሹን እንኳ በቅጡ አልሰማሁትም።

በማግስቱ በመናኸሪያው አገኘሁትና ይቅርታ የመጠየቅ ያህል ስለ ትዝታው አነሣሁበት። «አባቴ ያስተማረኝ ከዚያ የረዘመ ነው፤ ግን የሚጠይቀኝ የለም፤ ጣቴም እየረሳው ነው» አለኝ። በከተማ ኦርጋንና ድምፅ ማጉያ ስለሚከተለው መሰንቆው ለዐይን ይያዛል እንጂ እንደማይሰማም ነገረኝ። ልጁስ ይማር እንደ ሆነ ጠየቅሁት። «እሱ መሰንቆ ይዞ መታየት ያፍራል» አለኝና ወደ መሬት ተመለከተ። አዲስ አበባ በሚገኘው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሰንቆ እንደ ማንኛውም ትምህርት እንደሚሰጥ ብነግረው ጥቂት ዝም ብሎ፣ «በወረቀት ላይ ይጽፉታል ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

እንግዲህ ረዥሙን እንዲመታልኝ ለመንሁት። ሻንጣ ላይ ተቀምጦ መሰንቆውን ከጨርቁ አወጣና ጭራውን ቃኘ። ረዳቶቹ «ወረታ! ባሕር ዳር!» እያሉ ይጮኻሉ። መጀመሪያውን አንድ ጊዜ ሳተው፤ ደጋኑን አንሥቶ እንደገና ጀመረ። በሁለተኛው ጊዜ ከስሕተቱ ስፍራ አልፎ ሄደ፤ ከዚያም ወዲያ እኔ ሰምቼው ወደማላውቀው ዜማ ገባ። አውቶቡሱ ጡሩንባውን ነፍቶ እስኪጠራኝ ድረስ አላበቃም ነበር።