ወረፋው የማን ነው?

በ1986 እ.ኤ.አ. በላውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ መካከል ያለው የኮምፒውተር መስመር ጉድ አሳየ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱ የሚራራቁት 400 ያርድ ያህል ቢሆንም፣ በሰከንድ 32 ሺህ ቢት ያደርስ የነበረው ግንኙነት ወደ 40 ቢት ወረደ። የተበጠሰ ሽቦ አልነበረም። ኮምፒውተሮቹ የጠፋባቸውን ፓኬት (የመረጃ ቁራጭ) ደጋግመው እየላኩ የተጨናነቀውን መስመር ይብሱን አጨናነቁት። ቫን ጃኮብሰን በ1988 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ላኪው ራሱ መጨናነቁን ተረድቶ ፍጥነቱን የሚቀንስበትን ዘዴ አቀረበ።

የላኪው ጨዋነት ብቻ ግን አልበቃም።

ስዊች ውስጥ ጭንቅንቅ የሚፈጠረው በመውጫው ፖርት ላይ ነው። በሁለት ባለ 1 ጊጋቢት ፖርቶች የገባ መረጃ በአንድ ባለ 1 ጊጋቢት ፖርት ልውጣ ሲል ግማሹ በስዊቹ ሜሞሪ ውስጥ ወረፋ ይይዛል፤ ሜሞሪው ሲሞላ ተከታዩ ፓኬት ይጣላል። ነገሩ በጥቂት ሚሊሰከንዶች ተጀምሮ ስለሚያልቅ፣ የአምስት ደቂቃ አማካይ የሚያሳየው ግራፍ «30 በመቶ» እያለ ሲያረጋጋ በኔትወርኩ የሚያልፈው የስልክ ድምፅ ይቆራረጣል። ባለሙያውና የቢሮው ሠራተኛ የማይግባቡትም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ፍጥነት የሚገደበው በፖሊሲንግ ወይም በሼፒንግ ነው። የሁለቱም የተለመደ ስሌት የቶክን ባልዲ ይባላል፤ ባልዲው ውስጥ ቶክን በተወሰነ ፍጥነት ይጠራቀማል፣ ፓኬቱም በመጠኑ ልክ ወስዶ ያልፋል። ቶክን ሲያልቅ ፖሊሲንግ ፓኬቱን ይጥላል፣ ሼፒንግ ያቆየዋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። የላኪውን ፍጥነት ለሚቆጣጠረው ቲሲፒ ግን የጠፋ ፓኬት የመጨናነቅ ምልክት ስለሆነ ላኪው ወዲያው ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ባልዲው ካነሰ፣ 20 ሜጋቢት በተፈቀደለት ፖርት ላይ አንድ ፋይል ሲወርድ 20ው ላይታይ ይችላል። የስዊቹን ገጽ ከፍቶ ቁጥር መሙላት ቀላል ነው፤ ገደቡ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ግን ይረሳል።

ቅድሚያ መስጠት ሌላው መንገድ ነው። በኤተርኔት ፍሬም ላይ ያሉት ሦስት ቢቶች ስምንት ደረጃ፣ በአይፒ ፓኬት ላይ ያሉት ስድስት ቢቶች ደግሞ 64 ምልክት ይሰጣሉ፤ ለድምፅ የተለመደው 46 ነው። አንድ የስልክ ጥሪ በጂ.711 የድምፅ ኮድ ከነሽፋኑ በሰከንድ ከ80 እስከ 90 ኪሎቢት ብቻ ይፈልጋል። የሚጎዳው የመስመር ጥበት ሳይሆን መጠበቅ ነው። ሆኖም ምልክቱን ማንኛውም ኮምፒውተር በራሱ ላይ ሊለጥፈው ስለሚችል፣ ጠንቃቃ ባለሙያ ከተጠቃሚ ፖርት የመጣውን ምልክት አያምንም፤ ፍጹም ቅድሚያ ላለው ወረፋም ጣሪያ ያበጅለታል። አለበለዚያ ሌላው ሁሉ ይራባል።

ታዲያ ሜሞሪውን ቢያሳድጉት? ጂም ጌቲስ ከ2010 ጀምሮ ያጋለጠው ችግር ይኸው ነው። በ1 ሜጋቢት መስመር ላይ የተሞላ 256 ኪሎባይት ወረፋ ሁለት ሰከንድ ያህል ያስጠብቃል። ካትሊን ኒኮልስና ጃኮብሰን በ2012 ያቀረቡት ኮደል የተባለ ዘዴ የወረፋውን ርዝመት ትቶ ፓኬቱ የቆየበትን ጊዜ ይለካል፤ ቆይታው ከ5 ሚሊሰከንድ በላይ ሆኖ ከዘለቀ መጣል ይጀምራል። ይህ ግን የሚሠራው ወረፋው እዚያው መሣሪያ ላይ ከተያዘ ነው። ስለዚህ 50 ሜጋቢት የተከራየ ድርጅት የራሱን ራውተር 47 ላይ ቢገድበው የሚጎዳ ይመስላል እንጂ ይጠቀማል፤ ወረፋው ከአቅራቢው ሞደም ወጥቶ በእጁ ይገባል።

ማን ይጠብቅ የሚለው ጥያቄ ፍርድ ቤትም ደርሷል። የአሜሪካው የኢንተርኔት አቅራቢ ኮምካስት የቢትቶረንት የፋይል ልውውጥ ግንኙነቶችን ሐሰተኛ የማቋረጫ ፓኬት እየላከ ሲያስተጓጉል በ2007 ተደረሰበት። የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2008 አሠራሩን ቢያወግዝም፣ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2010 ውሳኔውን ሻረው። ኩባንያው ግን ቀድሞውኑ ዘዴውን ቀይሮ ነበር፦ አዲሱ አሠራር የፕሮግራሙን ዓይነት አይመለከትም ነበር፤ የሰፈሩ መስመር ሲጨናነቅ ብዙ እየተጠቀመ ያለውን ደንበኛ ለጥቂት ጊዜ ከሌሎቹ በኋላ ያሰልፈው ነበር።